አንቺ በባስክኛ፣ አንቺ በቻይንኛ

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል ወይስ የታዘዘልሽ ቅባት ሠራ? ዐይንሽስ? መነጽርሽን አድርገሽ ነው የምትሰፊው፣ ወይስ እንደ ልማድሽ ግንባርሽ ላይ ሰቅለሽው ክሩን በዳበሳ ታሾልኪያለሽ? የስፌት መኪናሽስ እንዴት ናት? እሷን ሳልጠይቅ ባልፍ እንደምትቀየሚኝ አውቃለሁ። ጋሼስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቶቹስ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ተመስገን ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ አውቶቡሱን ሲነዳ ውሎ ወገቤን ማለቱን ግን አልተወም። በሆዴ ያለውም ሰባተኛ ወሩን ይዟል። አርፎ መቀመጥ አያውቅም፣ ሲራገጥ ነው የሚውለው፤ አንቺ ብትኖሪ እናቱን መስሎ ነው ትዪ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴን አውቃለሁ። ስትደውዪልኝም ሥራ ላይ ነኝ እያልኩ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሬ ዘግቼብሻለሁ። ተቀይመሽኝ ከሆነ አልፈርድብሽም። ነገሩ ግን በስልክ የሚወራ አልነበረም፤ አንቺ ደግሞ ድምፄን ሰምተሽ ማልቀሴን ለማወቅ አንድ «ሃሎ» ይበቃሻል። አሁን ሁሉም ስላለፈ ከሥሩ ጀምሬ እጽፍልሻለሁ። ከሥሩ ስል የምጀምረው ከሁለት ሰዎች ነውና ትዕግሥቱን ይስጥሽ።

የልብስ ማጠቢያው ቤት እንዴት ያለ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በአንዱ በር ቆሽሾ በጋሪ ይገባል፣ በሌላው በር ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ በነጭ ገመድ እየታሰረ ይወጣል። መካከል ላይ ያሉት ማሽኖች ሲዞሩ ጎንሽ የቆመ ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማሽም። ሆዴ ከገፋ ወዲህ ከማጣጠፉ አንስተው በመውጫው በር አጠገብ ያለች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውኛል። ሥራዬ የታሰረውን እየቆጠርኩ መላክ ነው። መቁጠር ደግሞ ሥራ ሆኖ ነው ትዪ ይሆናል፤ ቆይ፣ ጉዱን ስሚ።

መተኮሻው ማሽን ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ በስፔንና በፈረንሳይ ድንበር ካለው፣ ባስክ ከሚባለው ሕዝብ ናቸው። እኔ ጋሽ ሃያ እላቸዋለሁ። አሁን የአዳራሹ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው፤ «ጋሽ» የሚለውን የስማቸው መጀመሪያ አድርገውት አለቃችን ሳይቀር በወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ ይጽፋል። ስሙን ያወጣሁላቸው በአቆጣጠራቸው ነው። በቋንቋቸው ከሃያ ወዲያ ያለው ሁሉ የሚሄደው በሃያ ነው። አርባ ማለት ሁለት ሃያ ነው፣ ሃምሳ ሁለት ሃያ ከአሥር፣ ሰማንያ ደግሞ አራት ሃያ። ስለዚህ ሌላው ሰው አንሶላውን አሥር አሥር እንዲያስር ሲታዘዝ እሳቸው ሃያ ሃያ ያስራሉ። አባቴ በጎቹን የሚቆጥረው እንዲህ ነበር፣ እጄም በሃያ ነው የለመደው ብለው ፍንክች አላሉም፤ አለቃችንም ሲሰለቸው ተዋቸው። ያንቺን ዕድሜ ብነግራቸው ሁለት ሃያ ከሦስት ብለው ተረጎሙልኝ። ሁለት የሃያ ዓመት ኮረዳና የሦስት ዓመት ምራቂ ማለት ነውና ደስ ይበልሽ።

በማጣጠፊያው በኩል ያለችው ደግሞ ቻይናዊት ናት። የእኔ እኩያ፣ ቀጠን ያለች፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን። የእሷ ስም ስምንት ነው። ቆጠራውን በያዝኩ በሦስተኛው ቀን ለሆስፒታሉ ስንት እስር እንደሚላክ በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል በእጄ ጠየቅኳት። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ዘርግታ አሳየችኝ። ሁለት ጣት አየሁ፣ ሁለት እስር ጭኜ ላክሁ። በማግስቱ አለቃችን ፊቱ በርበሬ መስሎ መጣ። ለካ በእነሱ አገር ሰው እስከ አሥር የሚቆጥረው በአንድ እጁ ነው፣ ያ ሁለት ጣትም ስምንት ማለት ኖሯል። እሷ ቁጥር የማላውቅ መሰልኳት፣ እኔ ደግሞ ያላገጠችብኝ መሰለኝ፤ ሦስት ቀን ተኳርፈን ከረምን። ያስታረቁን ጋሽ ሃያ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በሩቅ ስንተያይ በሁለት ጣት ሰላም እንባባላለን።

ምሳ የምንበላው ሦስታችን አብረን፣ ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት አላት፣ አራት ወንበር፣ አንዱ እግረ ሰባራ። የምንግባባው በአገሬው ቋንቋ ነው፤ ሦስታችንም ስለምንሰባብረው ማንም ማንንም አይንቅም። አንድ ቀን ስገባ ሁለቱ የማን ቋንቋ ይከብዳል እያሉ ተፋጠዋል። ጋሽ ሃያ የእኔን ተምሮ የጨረሰ የውጭ ሰው አላየሁም ይላሉ፣ እሷ ደግሞ እኛ ጽሕፈቱን ብቻ ተምረን ሳንጨርስ ጸጉራችን ይሸብታል ትላለች። እኔን ዳኛ አደረጉኝ። ሁለቱንም ስለማላውቅ አላዳላም ተብሎ ነው። የዳኝነት ዋጋዬ ከሁለቱም ምሳ መቅመስ እንዲሆን ጠየቅኩ፤ የምበላው ለሁለት ስለሆነ የተቃወመ የለም።

የሰማሁትን ልንገርሽ። ስምንት በምትናገረው ቋንቋ ግሡ ንቅንቅ አይልም። እኔ ትናንት ሄድኩ፣ አንቺ ነገ ትሄጃለሽ፣ እነሱ ይሄዳሉ፣ ሁሉም አንድ ቃል ነው። ማን እንደሄደና መቼ እንደሄደ ለብቻቸው በቆሙ ሌሎች ቃላት ይታወቃል። አነጋገሩ ግን ዜማ አለው፤ ድምፅሽን ካነሣሽው ሌላ፣ ከጣልሽው ሌላ ነገር ይሆንብሻል። እኔ ልሞክር ስል እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ። የጋሽ ሃያ ደግሞ ወደ እኛው ያደላል። ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጡታል፣ ያውም ማን ለማን እንዳደረገው አንድ ላይ አጭቀውበት። «ሰጠሁሽ» ብዬ፣ ሰጪዋም ተቀባይዋም ውስጡ እንዳሉ ስነግራቸው የጠፋ ዘመድ ያገኙ ይመስል ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ስምንት ግን አልቀናችም። እናንተ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በአንድ ሻንጣ ታጭቃላችሁ፣ እኛ ቤት ግን ሁሉም በየመደርደሪያው ነው አለች። ልብስ አጣጣፊ አይደለች፣ ሥርዓት ትወዳለች።

ዘመድ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ጋሽ ሃያ እንደሚሉት ቋንቋቸው በዓለም ላይ ወንድምም እህትም የለውም። የተማሩ ሰዎች ፈልገው ፈልገው የሚዛመደው አጥተውለታል። የስምንት ደግሞ ዘመዱ ለጉድ ነው፤ ከመብዛቱ የተነሣ የአያቷን መንደር ንግግር የሌላው አውራጃ ሰው አይሰማውም፣ ሲጻፍ ግን ሁሉም ያነበዋል። እኔ ለጋሽ ሃያ ቋንቋ ሆዴ ባባና ወላጅ አልባ ነዋ ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። እሳቸው ግን አልወደዱልኝም። ሌሎቹ ሁሉ ጠፍተው እሱ ቤቱን ይዞ የቀረ ነው እንጂ ማንም የሚያዝንለት አይደለም አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ከወንድማቸው ጋር ብቻ ይነጋገሩበት የነበረ አነጋገር እንደነበር አወሩን። እንደ እኛ አንተና አንቺ ወንዱን ከሴቷ የሚለይ፣ የቅርብ ለቅርብ ንግግር ነው። ወንድማቸው ካረፉ ወዲህ አፋቸው ላይ ዞሮ አያውቅም። ያን ዕለት ፍርድ ሳልሰጥ ተነሣን።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ስወልድ አጠገቤ እንድትሆኚ የመጥሪያ ማመልከቻ ማስገባቴን ታውቂያለሽ። ቅጹን የሞላሁት ከሥራ ስወጣ፣ አውቶቡስ እየጠበቅኩ፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። ስም ይላል፣ የትውልድ ዘመን ይላል፣ ከዚያ የምትጋብዣት ሰው ምንሽ ናት ይላል። እኔም «እናት» ብዬ ጻፍኩ። አስቤው አይደለም እትዬ፣ እጄ ነው የጻፈው። እናታችን ስታልፍ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ አንቺም የአሥራ አምስት። ወላጅሽን አምጪ ተብዬ ከትምህርት ቤት ስባረር ይዤሽ የምሄደው አንቺን ነው። ስዳርም የእናት ወንበር ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። አገር ምድሩ እያወቀ አንድም ሰው ይሄማ ውሸት ነው ብሎ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ናት ያልሻት ሴት የምትበልጥሽ በአሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ይላል። ወደዚህ አገር ስትገቢ ደግሞ እናቴ በሕይወት የለችም ብለሽ አስመዝግበሻል ይላል። በተቆረጠው ቀን ቀርበሽ አስረጂ፣ አለዚያ ማመልከቻሽ ይዘጋል፣ ሐሰት መጻፍሽም ይመዘገባል ብሎ ይጨርሳል። ውሸታም መባሉ አልነበረም የጨነቀኝ፤ አንቺ በሌለሽበት መውለዱ ነው። ላንቺስ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ልጅሽ ሻንጣ መግዛትሽን፣ ለሕፃኑም ስድስት ሸሚዝ ሰፍተሽ መጨረስሽን ነግራኛለች። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኩት ከአራት ቀን በኋላ ነው፤ እሱም ምን ቆርጦሽ ነው ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው።

ምሳ መቅመሴን ሳቆም ዳኛዋ ታማለች ብለው የጠረጠሩት ጋሽ ሃያ ናቸው። ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። ስምንት ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ የገረማት ሌላ ነገር ነው። በአገሬው ቋንቋ «እህት» የሚል አንድ ቃል ብቻ መኖሩ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። በእነሱ ዘንድ ዝም ብሎ እህት የሚባል የለም፤ ታላቅ ከሆነች ጂዬጂዬ፣ ታናሽ ከሆነች ሜይሜይ ናት። ሳይለዩ ከጠሩማ ማን ማንን እንደሚቆጣ በምን ይታወቃል ትላለች። ጋሽ ሃያን ደግሞ ታላቅ ታናሹ አያሳስባቸውም። እሳቸው የሚለዩት ባለ እህቱ ወንድ ነው ወይስ ሴት በሚለው ነው። የእሳቸው እህት አሬባ ናት። አንቺ ግን የሴት እህት ስለሆንሽ አይስፓ ነሽ። እኚህ ሰው ይህን ያህል ዘመን ኖረው የገዛ እህታቸውን አይስፓ ብለው ጠርተው አያውቁም፤ ቃሉ ሴት የገዛ እህቷን የምትጠራበት ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በእናንተስ ማን ትባላለች አሉኝ። እህት አልኳቸው፤ ነገር ግን አንድ ቀን እህቴ ብዬ ጠርቼሽ እንደማላውቅ፣ እትዬ እንደምልሽ፣ ሲከፋኝ ደግሞ እማ እንደምልሽ ነገርኳቸው። ስምንት ራሷን ነቀነቀች። እነሱም ቤት እናት ስትጎድል ታላቅ እህት ትተካለች፣ ግን ወረቀት ላይ ጂዬጂዬ ብለው ነው የሚጽፉት፣ የሚያነበው ሰው ቀሪውን ያውቀዋል አለችኝ። ጋሽ ሃያ ግን መጠሪያሽን ትተው ምን አደረገችልሽ አሉኝ፤ በገዛ ቋንቋሽ በአንድ ቃል ንገሪኝ አሉ። «አሳደገችኝ» አልኩ። በውስጡ እሷም እኔም መኖራችንን ገምተው ያዙት፣ ሁለት ጊዜ ደግመውም ሞከሩት። ሂጂና ይህን ንገሪያቸው፣ ሌላ አትጨምሪ ብለው ምሳቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ያን ቀን ከአንድ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ ቀመስኩ።

የቀጠሮው ዕለት ሁለቱም ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስደው አብረውኝ መጡ። ባለቤቴም የሥራ ፈረቃውን ቀይሮ መጥቷል። አራት ሆነን ስንገባ ዘበኛው ከሳሽ የትኛው ነው፣ ተከሳሽ የትኛው ነው በሚል ዐይን አየን። ከተራ መቁረጫው የወጣልኝ ቁጥር ሃያ ስምንት ነበር። ብትስቂም ሳቂ፣ እኔ ግን ልቤ ጥቂት ረጋ አለልኝ። በመስኮቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። ፋይሌን ገልጣ እናትሽ ናት ወይስ እህትሽ አለችኝ። ከቤት ሳጠናው ያደርኩት ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ጋሽ ሃያ ትዝ አሉኝ።

«የወለደችኝ ሞታለች። ያሳደገችኝ እህቴ ናት። እጄ የለመደውን ጻፈ» አልኩ።

ጸሐፊዋ እናትሽ ስትሞት እህትሽ ስንት ዓመቷ ነበር አለችኝ። አሥራ አምስት ስላት እስክሪብቶ አቀበለችኝ። አዲስ ቅጽ ብትሞዪ ከአንድ ስለሚጀምር ልጁ ይቀድምሻል፣ እዚሁ አርሚው አለችኝ። ለዚህ ደግሞ ደንብ አለው። የተሳሳተውን በአንድ ቀጭን መስመር ትሰርዢያለሽ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈሽ ትፈርሚያለሽ። እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ቀላል ነገር ነው፣ አንድ መስመር ነው፤ ግን እትዬ፣ እናት የሚለውን በገዛ እጄ ልሰርዝ? ያሰብኩት ገብቷት ይሁን ደንቡን ልታስረዳኝ ይሁን አላውቅም፣ ጸሐፊዋ በመስኮቱ ጠጋ አለችና እንዲህ አለችኝ፤

«ሰርዢው አልኩ እንጂ አጥፊው አላልኩም። ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት።»

ሰረዝኩና ከጎኑ «ታላቅ እህት» ብዬ ጻፍኩ። ስምንት ከኋላዬ አንገቷን አስግጋ ታላቅ የሚለውን አለመርሳቴን አረጋገጠች። ስንወጣ ጋሽ ሃያ ደረጃው ላይ መሐረባቸውን አውጥተው ነፋሱ ነው እያሉ ዐይናቸውን ጠረጉ። ነፋስ ግን አልነበረም።

ባለፈው ማክሰኞ ፈቃዱ መጣ። ትመጪያለሽ እትዬ፤ በሚመጣው ወር ትመጪያለሽ። ይህን ስጽፍ እንኳ ብድግ ብዬ ጠረጴዛውን ዞሬ መጣሁ። የቅጹን ቅጂ አብሬ ልኬልሻለሁ፣ ልጅሽ ታንብብልሽ። አራተኛው መስመር ላይ ነው። በቀጭኗ መስመር ሥር እናት የሚለው ደህና አድርጎ ይነበባል።

ለሁለቱ የሰጠሁትን ፍርድ ሳልነግርሽ እንዳላልፍ። አንሶላ ለመቁጠር የስምንት ቋንቋ፣ የእህትን ዕድሜ ለመቁጠር የጋሽ ሃያ ቋንቋ ይበልጣል ብዬ ፈረድኩ። ሁለቱም ይግባኝ ብለዋል። ይግባኙን የምትሰሚው አንቺ ነሽ ብያቸዋለሁና አስቢበት። ጋሽ ሃያ ስትመጪ አይስፓ ብለው ሊጠሩሽ አይችሉም፣ ቃሉ አይፈቅድላቸውም፤ ስለዚህ እትዬ ማለትን እየተለማመዱ ነው። ስምንት ግን ጂዬጂዬ ልትልሽ ወስናለች። ታናሽሽ ሆና ልትቆጪያት ስለሆነ ተዘጋጂ።

እንግዲህ ለጋሼ ሰላምታዬን እጅ ነሥተሽ አድርሺልኝ፤ የአናጢነት መጋዙን ድምፅ እንኳ ናፍቄዋለሁ በዪልኝ፣ ያንቺን ጉዞ ስለፈቀደልኝም ውለታው አለብኝ። ለታላቋ ልጅሽ ፈተናዋን በርትታ እንድታጠና ንገሪያት፣ ስለ ሸሚዞቹ ወሬ ስላቀበለችኝም ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። መንትዮቹን አንቺ በሌለሽበት የስፌት መኪናሽን እንዳይነኩ እኔ አዝዣለሁ በያቸው፤ አይሰሙኝም፣ ግን በያቸው። የጋሼን እናት ጉልበት ሳሚልኝ፤ ሁለት ወር ድምፄ ጠፍቶ በጸሎት እንዳሰቡኝ አውቃለሁ። ለባለሱቋ ጎረቤትሽም፣ የከነከናትን እየደበቅሽ እንዳታስጨንቂያት፣ ፈቃዱ መምጣቱን ዛሬውኑ ንገሪያት፤ እስከ ማታ ለሰፈሩ ሁሉ ታደርስልሻለች። ባለቤቴ እጅ ይነሣል። ጋሽ ሃያና ስምንትም፣ እሳቸው በመዳፋቸው እሷ በሁለት ጣቷ፣ ሰላም ብለውሻል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከአውሮፕላን ስትወርጂ በመስኮት ውስጥ ያለው ሰው ልትጠይቂያት የመጣሽው ሴት ምንሽ ናት ይልሻል፣ አስተርጓሚም ያቀርቡልሻል። አውቅሻለሁ፣ አፍሽ የለመደው ሊያመልጥሽ ነው። እባክሽ እትዬ፣ ታናሽ እህቴ ናት በዪ። ልጄ ናት እንዳትዪ። እኔ ከበሩ ወዲህ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ልጄ የምትዪኝ እዚያ ስትደርሺ ነው።

ታናሽ እህትሽ

ከመውጫው በር አጠገብ፣ ከቆጠራው ጠረጴዛ
የካቲት ፲፬ ቀን